አሮጌ የምጽዋ ኅትመት እጅዎ ሲገባ፦ ማንነቱን መለየት፣ ማጽዳትና ፍሬም ውስጥ ማስገባት

«ይህ የምጽዋ ምስል እውነተኛ ነው ወይስ ኮፒ? ግድግዳ ላይስ እንዴት ልስቀለው?» ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጠያቂው ብቻ ነው። አንዱ ለንደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛው ነው፤ ሌላዋ አስመራ ይኖሩ ከነበሩ ወላጆቿ የወረሰችው። ሁሉም በስልክ ያነሱትን ፎቶ ይልካሉ። ከፎቶ ግን ልፈርድ አልችልም፤ ኮፒውም ዋናውም ስዕላቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱ ውስጥና ቀለሙ በወረቀቱ ላይ በተቀመጠበት መንገድ ነው። ስለዚህ መርማሪው እርስዎ ነዎት፤ እኔ የምነግርዎ የት የት እንደሚመለከቱ ነው።

የመለየቱ ሥራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፍሬም ውስጥ ማስገባቱ ግን ሙጫው ሌሊቱን ማደር ስላለበት ሁለት ቀን ይወስዳል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ምስሉ ላይ ታትሞ የሚያገኙትም በእሱ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የማይደረጉ ነገሮች

ይህን ከፊት ያስቀመጥኩት ብዙ ሰው መመሪያ የሚያነበው ጥፋቱን ከሠራ በኋላ ስለሆነ ነው።

- ላሚኔት አያስደርጉ። ሙቀትና ፕላስቲክ አንድ ጊዜ ከወረቀቱ ጋር ከተዋሐዱ ወረቀቱን ሳይጎዱ መለየት የማይቻል ያህል ነው። የልደት ሰርተፍኬትና ዲፕሎማ ላሚኔት ማስደረግ ስለለመድን እጃችን ወደዚያ ይሄዳል።
- ፕላስተር አይለጥፉ፤ «ለጊዜው ነው» ብለውም ቢሆን። የፕላስተር ማጣበቂያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቡናማ ይሆናል። የመጀመሪያ ምስሌን ያበላሸሁት እኔው ራሴ በዚህ ነው፤ ቡናማው አራት ማዕዘን ዛሬም ሰማዩ ላይ አለ።
- በረኪና አያስነኩ፤ ውኃ ውስጥም አይንከሩ። በረኪና ወረቀቱን ለጊዜው ያነጣና ቃጫውን ይበላዋል። ውኃ ደግሞ በእጅ የተቀባ ቀለም ካለ ያፈሰዋል።
- ህዳጉ ለፍሬሙ ሰፋ ተብሎ አይቆረጥ። የማንነቱ ማስረጃ ግማሹ ህዳጉ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለምርመራ፦
- አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር (ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት)
- የእጅ ባትሪ
- በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ
- የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት
- እርሳስ (እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ)

ለጽዳትና ለፍሬም፦
- ለስላሳ ሰፊ ብሩሽ
- ነጭ የፕላስቲክ ላጲስ
- ከአሲድ ነጻ የሆነ ሁለት ካርቶን፣ ቢቻል ከጥጥ የተሠራ
- የጃፓን ስስ ወረቀት
- የስንዴ ስታርች
- ቀለም መጣጭ ወረቀት
- ፍሬምና መስታወት

ከአሲድ ነጻ ካርቶንና የጃፓን ወረቀት በየሱቁ አይገኙም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ እነዚህን ሁለቱን ይዘዙ፤ ቀላል ናቸው፣ ሻንጣም አያጨናንቁም። የቀረውን ከአካባቢዎ ያሟላሉ።

ክፍል አንድ፦ መለየት

1. እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ። የጨርቅ ጓንት አያስፈልግም። ጓንት የጣትዎን ስሜት ስለሚያደነዝዝ የተቀደደውን ጠርዝ ይዞ ይጎትተዋል። ምስሉን በሁለት እጅ፣ በተቃራኒ ጠርዞቹ ያንሡ። ቡና ከክፍሉ ይውጣ።

2. ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪውን ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን ሊሆን እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ አድርገው ያብሩ። የሚፈልጉት በምስሉ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውስጥ የተጫነ ምልክት ነው። ይህ የመዳብ ሰሌዳ አሻራ ነው፦ የረጠበ ወረቀት በሰሌዳው ላይ ተደርጎ በከባድ መጭመቂያ ሲያልፍ የሰሌዳው ጠርዝ ወረቀቱን ይሰምጥበታል። ካለ ምስሉ ከመዳብ ወይም ከብረት ሰሌዳ የታተመ መሆኑን ይጠቁማል። ከሌለ ግን «ኮፒ ነው» ብለው አይደምድሙ። ህዳጉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀጥሎ እንደምናየው ምስሉ ከእንጨት የታተመ ነው። አሻራውን ካገኙ ቁመቱንና ስፋቱን በሚሊሜትር ለክተው ይመዝግቡ፤ ኋላ ከቤተ መጻሕፍት መዝገብ ጋር ለማስተያየት ይጠቅማል።

3. አሁን ማጉያውን ይያዙ። የሥራው ልብ ይህ ነው፤ አይቸኩሉ። አንድ የሰማይ ክፍል፣ አንድ የመርከብ ምሰሶና አንድ የጽሑፍ ፊደል መርጠው ሦስቱንም ይመልከቱ።

የመዳብ ቅርጽ ከሆነ መስመሮቹ ጫፋቸው እንደ መርፌ ይሾላል፤ መሐላቸው ይወፍራል። ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀራጩ መዳቡን በስለት ቦርቡሮ ቀለሙ በጉድጓዱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወረቀቱ ቀለሙን የሚያወጣው ከጥልቀት ነው።

አኳቲንት (ጥላው መዳቡን በአሲድ በማስበላት የሚወጣ ኅትመት) ከሆነ ሰማዩና ባሕሩ በመስመር ሳይሆን በጥላ የተሞሉ ናቸው። በማጉያ ሲያዩት ጥላው ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይመስላል፦ ጥቃቅን ነጭ ደሴቶችና በመሐላቸው የሚዞር ጥቁር መረብ። እንግሊዛዊው ተጓዥና ሠዓሊ ሄንሪ ሶልት የሣላቸውና በ1809 ለንደን ላይ የታተሙት፣ ቀይ ባሕርንና ሐበሻን የሚጨምሩት 24 ትላልቅ ዕይታዎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

የእንጨት ቅርጽ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ቀራጩ የቆረጠው ነጩን ነው፤ የታተመው ሳይቆረጥ የቀረው ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ጠፍጣፋ ነው፤ መስመሮቹም ብዙ ጊዜ ድንገት ይቆማሉ እንጂ እየሾሉ አይጠፉም። ትልቅ ምስል ከሆነ በቀጥታ ወደ ታችና ወደ ጎን የሚሄዱ ፀጉር የመሰሉ ነጭ መስመሮችን ይፈልጉ። ለእንጨት ቅርጽ የሚያገለግለው የቦክስ ዛፍ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ለአንድ ገጽ ብዙ ትናንሽ ቁራጮችን በብሎን አጋጥመው ይሠሩ ነበር፤ ነጩ መስመር የመጋጠሚያው ስፌት ነው። ስፌቱን ካገኙ ምስሉ ምናልባት ከጋዜጣ የወጣ ነው።

ሊቶግራፍ ከሆነ ምንም ጉድጓድና ምንም ከፍታ የለም። ጥላው በሻካራ ወረቀት ላይ በከሰል የተሣለ ይመስላል፤ የተሣለው በቅባታማ እርሳስ በድንጋይ ላይ ነውና።

በመጨረሻ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካዩ ምስሉ በካሜራ የተባዛ ነው። ነጠብጣቦቹ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆነው ትናንሽ ጽጌረዳ ከሠሩ የዘመናችን የቀለም ኅትመት ነው፤ ምርመራው እዚህ ያበቃል። አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ከሆኑ ግን ቆም ይበሉ፦ ነጠብጣባማ ኅትመት ከ1880ዎቹ ጀምሮ ጋዜጣ ላይ ነበረ። እንዲህ ያለው የቅርጽ ኅትመት ባይሆንም አሮጌ ሊሆን ይችላል።

4. ይገልብጡት። ጀርባው ላይ ከፊቱ ጋር የማይገናኝ ጽሑፍ ታትሞ ከሆነ የጋዜጣ ገጽ ነው። የእንጨት ቅርጽ ከእርሳስ ፊደላት ጋር በአንድ ማተሚያ ስለሚታተም ጋዜጦች የመረጡት እሱን ነበር። በ1842 ለንደን ላይ የተጀመረው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» እና በ1843 ፓሪስ ላይ የተጀመረው «ሊሉስትራስዮን» ዋናዎቹ ናቸው። በተለይ ጣልያን ምጽዋን በየካቲት 1885 ከያዘች በኋላና ከ1887ቱ የዶጋሊ ጦርነት ወዲህ ከተማዋ በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ ደጋግማ ታይታለች። ለዚህ ነው የሚላክልኝ አብዛኛው ምስል የጋዜጣ ገጽ የሚሆነው። ጠያቂው ይህን ስነግረው ያዝናል፤ ማዘን የለበትም፣ ገጹ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በብዙ ሺህ ታትሞ ስለነበር ዋጋው ከመጽሐፍ እንደወጣ ምስል አይሰቀልም።

ጀርባው ባዶ ሆኖ በግራ ህዳግ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ካሉ፣ ወይም በቁመቱ የታጠፈበት ምልክት ካለ ከመጽሐፍ የተነቀለ ይመስላል።

5. ወረቀቱን ወደ መስኮት ብርሃን ያንሡ። በቅርብ በቅርብ የተሰለፉ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ ራቅ ራቅ ያሉ መስመሮች ካሉ ወረቀቱ በሽቦ ወንፊት ላይ የተሠራ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት የተለመደው ይህ ነበር። የውኃ ምልክትም ሊኖር ይችላል፤ በእንግሊዝ ወረቀት ላይ ዓመተ ምሕረት ጭምር። ዓመቱ ወረቀቱ የተሠራበት ነው፤ ምስሉ ከዚያ በፊት ሊታተም አይችልም፣ በኋላ ግን ይችላል።

6. አሁን ጨለማ ውስጥ ሐምራዊውን መብራት ያብሩ። ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት መብራት ነው፤ እዚህም ያው ሥራ ይሠራል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀቱን የሚያነጣ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ እሱ በዚህ ብርሃን ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። አሮጌ ወረቀት ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ሙሉው ወረቀት የሚያበራ ከሆነ «1814» የሚል ቢጻፍበትም አይመኑት። አንድ ቦታ ብቻ ካበራ በኋለኛ ዘመን የተጠገነበት ሊሆን ይችላል።

7. ጽሑፉን ያንብቡ። ከምስሉ በታች በግራ የሚገኘው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሠዓሊው፣ በቀኙ ያለው የቀራጩ ነው። ከግራው ስም በኋላ «ዴል» የሚል አጭር የላቲን ቃል ካለ «ሣለው»፣ ከቀኙ በኋላ «ስኩልፕ» ካለ «ቀረጸው» ማለት ነው። የከተማዋ ስም አጻጻፍ እንደ ቋንቋው ይለያያል፦ እንግሊዞች «ማሶዋ»፣ ጣልያኖች «ማሳውዋ»፣ ፈረንሳዮች «ማሱዋ» የሚነበብ አድርገው ጽፈውታል። የአጻጻፉ መለያየት የሐሰት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም የየት አገር ኅትመት እንደሆነ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። ከ1867 እስከ 1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የወረደው ምጽዋ ላይ ሳይሆን ከእሷ በስተደቡብ ዙላ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጦች የዙላን ጊዜያዊ ወደብ፣ ሐዲዱንና ድንኳኑን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ሻጮችም ሁሉንም «ምጽዋ» ብለው ይሸጡታል። ድንኳንና ባዶ ሜዳ ብቻ ካዩ ይጠራጠሩ። ምጽዋ በኮራል ድንጋይ የተሠሩ ፎቆች ያሏት ደሴት ናት።

8. ምስሉ ራሱ ስለ ዘመኑ የሚናገረውን ይፈትሹ። የምጽዋ ደሴት ከጣውሉድ ደሴት ጋር፣ ጣውሉድም ከየብስ ጋር በድንጋይ መንገድ የተገናኙት በግብጽ አስተዳደር ጊዜ፣ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከተማዋን በሚያስተዳድርበት በ1870ዎቹ ነው። መንገዱ ከታየ ስዕሉ ከዚያ በኋላ የተሣለ ነው። በጣውሉድ ያለው ባለ ጉልላት ቤተ መንግሥትም የዚያው ዘመን ሥራ ስለሆነ እንደ ሁለተኛ ምስክር ይያዙት። ሁለቱም ከሌሉና ከተማዋ በውኃ ተከብባ ብቻዋን ከቆመች የቀደመ ስዕል ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት አሳታሚዎች የቆየ ንድፍ አውጥተው እንደ አዲስ ስለሚያትሙ ነው።

ሌላው ጉዳይ የምስሉ ግራና ቀኝ መገልበጥ ነው። ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ምስል ሲታተም ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ቀራጭ ገልብጦ ይቀርጻል፣ የቸኮለ እንደወረደ ይቀርጻል። ከወደቡ፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲታይ ወደ ጣውሉድ የሚሄደው መንገድ በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በግራ ከሆነ ወይ ሠዓሊው ከሌላ አቅጣጫ አይቷል ወይ ምስሉ ተገልብጧል። ተገልብጦ መታተሙ ዕድሜውን አይቀንስም።

9. ቀለም ካለው ቀለሙ መቼ እንደተቀባ ይፈልጉ። የጋዜጣ ገጾች ሲወጡ በአመዛኙ ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ ዛሬ ባለቀለም ሆነው ከተገኙ ሻጭ ያስቀባቸው ሊሆን ይችላል። የታጠፈበትን መስመር በማጉያ ይዩት። ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ከገባ የተቀባው ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ነው። በሌላ በኩል አረንጓዴው ወደ ጀርባ ዘልቆ ቡናማ ጥላ ካሳየ የቀድሞ የመዳብ አረንጓዴ ነው፤ ይህ ለጥንታዊነቱ ጥሩ ምልክት ነው።

ያገኙትን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ «ኢንተርኔት አርካይቭ» በተባለው ድረ ገጽ የተቃኙትን የተጓዥ መጻሕፍት፣ ለምሳሌ የሶልትን የ1814 የጉዞ መጽሐፍ፣ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ከሆኑ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የተጓዦች መጻሕፍት በብዛት አሉት።

ክፍል ሁለት፦ ማጽዳት

10. በብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ ሳይጫኑ ይጥረጉ። አቅጣጫው እንዲህ የሆነው ብሩሹ ከጠርዝ ወደ ውስጥ ከሄደ ትንሿን ቅዳጅ ይዞ ስለሚያረዝማት ነው።

11. ላጲሱን በመፈግፈጊያ ፈግፍገው ዱቄቱን ህዳጉ ላይ ብቻ ይበትኑ፤ በጣት ጫፍ በቀስታ ያዙሩትና በብሩሽ ያንሡት። ወደ ምስሉ አይግቡ። ሊቶግራፍም ሆነ የተቀባ ቀለም ከላጲስ ጋር አብሮ ይነሣል።

ዝገት የመሰሉትን ቡናማ ነጠብጣቦች ይተዉአቸው። ጀርባው ላይ የተለጠፈ አሮጌ ካርቶን ካለም አይላጡ፤ ካርቶኑ ሲላጥ ምስሉን ይዞ ይነሣል። ያ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ሥራ ነው።

ክፍል ሦስት፦ ፍሬም ውስጥ ማስገባት

12. ሙጫውን ያብስሉ። አንድ ማንኪያ የስንዴ ስታርች በአምስት ማንኪያ ውኃ በጥብጠው በዝግታ እሳት ሳያቋርጡ ሃያ ደቂቃ ያህል ያማስሉ፤ ወተት መልኩ ጠፍቶ መስተዋት ሲመስል ያውጡት። ሲቀዘቅዝ በወንፊት አሽተው፣ እንደ ገንፎ ሳይሆን እንደ እርጎ እስኪሆን በውኃ ያቅጥኑት። በልጅነታችን ደብተር የለጠፍንበት የዱቄት ሙጫ አይሆንም፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይጠነክራል፣ ይቢጫል፣ ነፍሳትንም ይጠራል። ስታርቹን ካጡ የስንዴ ሊጥ በጨርቅ ቋጥረው በውኃ ውስጥ ይሹት፤ ነጩ ውኃ ሌሊቱን ሲረጋ ከታች የሚቀረው ስታርች ነው። ይህን ሙጫ የምንመርጠው ከመቶ ዓመት በኋላም በትንሽ እርጥበት ስለሚለቅ ነው።

13. ማንጠልጠያዎቹን ያዘጋጁ። የጃፓኑን ወረቀት በእርጥብ ብሩሽ መስመር አስምረው በእጅ ይቅደዱት፤ በመቀስ አይቁረጡ። የተቀደደው ጫፍ ፀጉራም ስለሚሆን ከፊት ጠባሳ አያሳይም። ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ሁለት በሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ማንጠልጠያው ከምስሉ ወረቀት የደከመ ይሁን። ፍሬሙ አንድ ቀን ቢወድቅ መቀደድ ያለበት ማንጠልጠያው ነው፣ ምስሉ አይደለም።

14. የምስሉን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው የእያንዳንዱን ቁራጭ አምስት ሚሊሜትር ብቻ በሙጫ ቀብተው ከላይኛው ጠርዝ ጋር ያያይዙ። ሙጫው ስስ ይሁን፤ ከበዛ ወረቀቱ ይጨማደዳል። ቀለም መጣጭ ወረቀት አልብሰው፣ መስታወት ደርበው፣ ወፍራም መጽሐፍ ይጫኑበትና ይደር። በማግስቱ ምስሉን ገልብጠው የኋላ ካርቶኑ ላይ ያስተካክሉና የማንጠልጠያዎቹን ነጻ ጫፍ በሌላ ቁራጭ አግድም ይለጥፉ።

ከላይ ብቻ ነው የሚያያዘው፤ አራቱን ጠርዝ የሚለጥፍ ሰው አለ። ወረቀት በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሸበሸባል። መንቀሳቀሻ ካጣ ይወጣጠራል፤ በመጨረሻም ይቀደዳል።

15. ሁለተኛውን ካርቶን መሐሉን በመስኮት መልክ ቆርጠው ከላይ ያድርጉ፤ መስኮቱ የሰሌዳውን አሻራና ከታች ያለውን ጽሑፍ የሚያሳይ ስፋት ይኑረው። የካርቶኑ ሥራ ማሳመር ብቻ አይደለም፤ መስታወቱን ከወረቀቱ ያርቃል። መስታወት ከነካው እርጥበት በመሐል ይቋጠራል፣ ሻጋታ ይከተላል። ፍሬም ሠሪ ጋ ከሄዱ ካርቶኑን ራስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ከምስሉ ጀርባ ጠንካራ የእንጨት ሰሌዳ በቀጥታ እንዳያደርግ ያሳስቡት። የእንጨቱ አሲድ ወረቀቱን ያቃጥለዋል።

16. የሚሰቀልበት ቦታ፦ ፀሐይ የማይደርስበት፣ ከውጭ ግድግዳ ይልቅ የውስጥ ግድግዳ፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የራቀ። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ተመልሶ አይጠገንም። ዱባይ ወይም ጅዳ ከሆኑ የአየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አይሁን። አዲስ አበባ ከሆኑ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ይለጥፉ፤ በክረምት ግድግዳው ሲረጥብ አየር ያልፋል። መስከረም ላይ አውርደው ጀርባውን ይዩ፦ ሻጋታና ምስጥ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

17. የግዢውን ደረሰኝና የምርመራ ማስታወሻዎን ፎቶ ኮፒ በፖስታ አድርገው ከፍሬሙ ውጫዊ ጀርባ ላይ ያያይዙ። ዋናውን ደረሰኝ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ምስሉን ይዘው ከኢትዮጵያ ሲወጡ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ይህ ቅርስ ነው?» ብለው ቢያስቆሙዎት ከውጭ የገባ መሆኑን የሚያሳዩበት እሱ ነው።